የአዳኝና የታዳኝ ሞዴል በኤክሴል፦ አሠራሩና የስሌት ስህተትን መለያ መንገዶች

ጥንቸል ሲበዛ ቀበሮ ጠግቦ ይዋለዳል፤ ቀበሮ ሲበዛ ጥንቸል ይመናመናል፤ ጥንቸል ሲመናመን ቀበሮ በረሃብ ያልቃል፣ የተረፉት ጥንቸሎችም እንደገና ይበዛሉ። ይህን ዑደት አልፍሬድ ሎትካ እ.ኤ.አ. በ1925፣ ቪቶ ቮልቴራ ደግሞ በ1926 ለየብቻቸው በእኩልታ አስቀምጠውታል። ሞዴሉን ኤክሴል ላይ መሥራት ቀላል ነው። ከባዱ ግራፉ ላይ የሚታየው ማዕበል ከእኩልታው የመጣ ይሁን ከስሌት ስህተት መለየቱ ነው።

እኩልታዎቹ

ጥ የጥንቸሎች፣ ቀ የቀበሮዎች ቁጥር ይሁን።

የጥ ለውጥ በዓመት = ሀ×ጥ − ለ×ጥ×ቀ
የቀ ለውጥ በዓመት = መ×ጥ×ቀ − ሐ×ቀ

ሀ አዳኝ በሌለበት ጥንቸሎች የሚባዙበት ፍጥነት፣ ሐ ምግብ ያጡ ቀበሮዎች የሚሞቱበት ፍጥነት ነው። ለ የአደኑን ቅልጥፍና፣ መ ደግሞ የተበላው ጥንቸል ምን ያህል አዲስ ቀበሮ እንደሚያስገኝ ይወስናል። ለመለማመጃ ሀ=1፣ ለ=0.1፣ ሐ=0.5፣ መ=0.02 ይውሰዱ። መ÷ለ 0.2 ነው፤ 5 ጥንቸል ሲበላ አንድ ቀበሮ ይጨመራል ማለት ነው። የራስዎን ቁጥር ሲያስገቡ መጀመሪያ ይህን ክፍልፋይ ይመልከቱ። ከ1 በላይ ከሆነ አንድ ጥንቸል ከአንድ ቀበሮ በላይ እያስገኘ ስለሆነ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል።

ሰንጠረዡ

አራቱን ቁጥሮችና የጊዜ እርምጃውን (0.1 ዓመት) ከላይ ለየብቻቸው በየሴሉ ይጻፉ፤ በቀመር ውስጥ ሲጠሯቸው በ$ ምልክት ይቆልፏቸው። ካልቆለፏቸው ቀመሩን ወደ ታች ሲጎትቱ ባዶ ሴል ያነባል፣ ቁጥሮቹም ያለ ምክንያት ባሉበት ይቆማሉ። ከዚያ ሦስት ዓምድ ያዘጋጁ፦ ጊዜ፣ ጥ፣ ቀ። መነሻው 40 ጥንቸልና 9 ቀበሮ ይሁን።

አዲሱ ጥ = ጥ + 0.1×(የጥ ለውጥ) ነው። በመጀመሪያው ረድፍ ለውጡ 40 − 36 = 4 ስለሆነ አዲሱ ጥ 40.4 ይሆናል። ቀ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሮጌውን 40 ካስገቡ 9.27፣ አሁን ያገኙትን 40.4 ካስገቡ 9.2772 ያገኛሉ። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ውጤቱን የሚለየው ግን እሱ ነው። በአሮጌው ቁጥር ሲሰላ (የኦይለር ዘዴ) ማዕበሉ በየዙሩ እያደገ ይሄዳል፤ እኩልታው ግን እንዲህ አይልም። በአዲሱ ቁጥር ሲሰላ ዙሩ በቦታው ይጸናል። ስለዚህ ሁልጊዜ አዲሱን ጥ ይጠቀሙ፣ ቀመሩን እስከ 400 ረድፍ (40 ዓመት) ይጎትቱ።

እርምጃውን ማስፋት ምን እንደሚያመጣ ለማየት በኦይለር ዘዴ 1 ዓመት አድርገው ይሞክሩት። ትክክለኛው የጥንቸል ቁጥር በ14 እና በ41 መካከል ገደማ ይዋልላል፤ ይህ ስሌት ግን በ4ኛው እርምጃ ወደ 0.19 ያወርደዋል። በዚህ የ1 ዓመት እርምጃ ቀበሮዎቹ ከ20 ካለፉ የሚቀጥለው የጥንቸል ቁጥር ከዜሮ በታች ይሆናል። ከዜሮ በታች የወረደ ቁጥር ካዩ በዜሮ አይተኩት፤ እርምጃውን ያሳጥሩ።

ማረጋገጫዎቹ

በ25 ጥንቸልና በ10 ቀበሮ ሲጀምሩ ምንም መንቀሳቀስ የለበትም፤ ሚዛኑ ሐ÷መ እና ሀ÷ለ ነውና። ከተንቀሳቀሰ ቀመሩ ውስጥ ስህተት አለ። ከ40 እና ከ9 ሲጀምሩ ደግሞ የአንድ ሙሉ ዑደት አማካይ (ወደ 9 ዓመት) እነዚሁ 25 እና 10 መሆን አለበት።

ከሁሉ የሚጠነክረው ፈተና ይህ ነው፦ በአራተኛ ዓምድ መ×ጥ − ሐ×ሎግ ጥ + ለ×ቀ − ሀ×ሎግ ቀ ያስሉ። ሎጉ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም (በኤክሴል LN) ነው፤ የኤክሴል ተራ ሎግ መሠረቱ 10 ስለሆነ አይሆንም። በመነሻው −2.342 ያገኛሉ። ጥቂት ከፍ ዝቅ ቢል ችግር የለውም፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን ግራፉን አይመኑት።

አሁን ሁለቱም ላይ በዓመት 0.2 የሚሆን በሰው አደን የሚመጣ ሞት ይጨምሩ (ከጥ ለውጥ 0.2×ጥ፣ ከቀ ለውጥ 0.2×ቀ ይቀንሱ)። ሚዛኑ ወደ 35 ጥንቸልና 8 ቀበሮ ይሸጋገራል፤ እኩል የተመቱ ቢሆንም ታዳኙ ይበዛል። ቮልቴራን ወደዚህ ሥራ የሳበውም የዚህ ተቃራኒ ገጽታ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓሣ ማስገር ሲቀንስ፣ በአድሪያቲክ ባሕር ገበያዎች የአዳኝ ዓሦች ድርሻ ከፍ ማለቱን የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ኡምቤርቶ ዳንኮና አስተውሎ ነበር።

ወደ እውነታው ማስጠጋት

መሠረታዊው ሞዴል ለጥንቸሉ የግጦሽ ወሰን የለውም፣ ቀበሮውም አይጠግብም። መጀመሪያ ሀ×ጥን በ ሀ×ጥ×(1 − ጥ÷ከ) ይተኩ፤ ከ መሬቱ የሚችለው የጥንቸል ብዛት ነው። ከ=100 ሲሆን ማዕበሉ እየረገበ ሄዶ በ25 እና በ7.5 ይረጋጋል። ይህ መርገብ ከእኩልታው የመጣ ስለሆነ አራተኛው ዓምድ ከዚህ በኋላ አያገለግልም።

ቀጥሎ የሚበላውን ለ×ጥ×ቀ በ ለ×ጥ×ቀ÷(1 + ለ×ጊ×ጥ) ይተኩ፣ በቀበሮው እኩልታ ደግሞ ይህንኑ በ0.2 ያባዙት። ጊ አንዱን ጥንቸል ይዞ በልቶ ለመጨረስ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ 0.1 ያድርጉት። በ ከ=100 ቁጥሮቹ ይረጋጋሉ። ከ ወደ 167 ገደማ ሲደርስ ግን መረጋጋቱ ይፈርሳል፤ በ300 ትልልቅ ማዕበል ይነሳል። ግጦሹ ሲሻሻል ሁለቱም ለመጥፋት ይቀርባሉ፤ ማይክል ሮዘንዝዋይግ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳየው ተቃርኖ ይህ ነው። የማዕበሉ ግርጌ ከጥቂት እንስሳ በታች ከወረደ ግማሽ ጥንቸል ስለሌለ ይህ ሰንጠረዥ አይበቃም፤ እያንዳንዱን ልደትና ሞት በዕጣ ወደሚያስኬድ ስሌት ይዛወሩ።