በድሮ ደራሲያን ደብዳቤ ውስጥ ያለን የአራዳ ቃል እንዴት መፍታት ይቻላል?

መጀመሪያ መዝገበ ቃላት አትክፈቱ፤ ኅትመቱን መርምሩ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን አርታኢዎች ለጨዋ አንባቢ አይመጥንም ያሉትን ከደብዳቤ ላይ ማውጣት ልማዳቸው ነበር። ለምሳሌ የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የጆን ኪትስን ደብዳቤዎች ስታነቡ የ1848ቱን ትታችሁ ሃይደር ሮሊንስ በ1958 ያሳተመውን ባለ2 ቅጽ ያዙ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ቃሉን ነጥላችሁ አትመዝግቡ። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር፣ ቀኑንና ተቀባዩን አብራችሁ ገልብጡ፤ ሰው ለአሳታሚውና ለወንድሙ የሚጽፈው በአንድ አፍ አይደለም።

ከዚያ ለደብዳቤው ዘመን የሚቀርበውን መዝገበ ቃላት ፈልጉ። ለኪትስ ዘመን የፍራንሲስ ግሮዝ የ1785 ሥራ አለ፤ በ1811 የወጣም አለ። ሁለቱ ተስማሙ ብላችሁ ግን ሁለት ምስክር አገኘን አትበሉ፤ የኋለኛው የተሠራው የፊተኛውን ይዞ ነው። የ1785ቱን ስካን በኮምፒውተር ስትፈልጉ ሌላ ጣጣ አለ፦ በዘመኑ ኅትመት ረጅሙ "ኤስ" "ኤፍ" ስለሚመስል ማሽኑ ያምታታዋል። ቃሉን በሁለቱም ፊደል ሞክሩ። ነጻ ምስክር የሚገኘው ከሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ ከ1674 እስከ 1913 ያሉት የለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት መዝገቦች በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ፤ ተራው ሰው የተናገረው እዚያ ይገኛል።

ትልቁ ወጥመድ የምታውቁት የሚመስላችሁ ቃል ነው። ኪትስ ጃንዋሪ 5 ቀን 1818 ለወንድሞቹ ሲጽፍ የጓደኞቹን አነጋገር ይዘረዝራል። "ሃንግ አውት" ይላል፤ የዛሬ አንባቢ "አብሮ መዝናናት" ብሎ ያልፈዋል። ኪትስ ግን መጠጥ ቤት ማረፍ ማለት እንደሆነ እዚያው ጽፏል፤ "የት ነው የምታመሸው፣ ራት የምትበላው?" ለማለት ይጠቀሙበት ነበር። ጸሐፊው ራሱ ከፈታው ከእሱ የሚበልጥ መዝገበ ቃላት የለም።

እዚያው ዝርዝር ላይ አብዝቶ መጠጣትን "ደማቅ ቀይ መንከር" ይሉታል የሚል አለ። ይህን የ1818 የአራዳ ቃል ብሎ የመዘገበ ተሸውዷል። አባባሉ ከሼክስፒር "ሄንሪ አራተኛ" የመጀመሪያ ክፍል ቃል በቃል የተወሰደ ነው፤ ልዑል ሃል ስለ መጠጥ ቤት አሳላፊዎች ሲያወራ ይለዋል። ኪትስ እየቀለደ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም እንግዳ ሐረግ ከመመዝገባችሁ በፊት ጸሐፊው አዘውትሮ ያነባቸው በነበሩ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጉት። ሁለተኛ ምስክር ከጠፋ "በዚህ ደብዳቤ ብቻ የተገኘ" ብላችሁ ጻፉበት፤ ግምታችሁን ከትርጉሙ ጋር አታደባልቁ።