ደብር ለመቀየር ስታስቡ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ጎንደር ውስጥ ከአንድ ቤት ተነሥቶ በእግር የሚደረስባቸው ደብሮች ብዙ ስለሆኑ «ሌላ ደብር እንሂድ» የሚለው ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። ቤተሰብ ግን ሲወስን ሦስት ነገሮችን ይደባልቃል፤ የሚያስቀድስበትን ደብር፣ በሰበካ ጉባኤ የተመዘገበበትን አጥቢያና የንስሐ አባቱን። ጥር 7 ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ኅዳር 6 ቁስቋም ሄዶ ለማስቀደስ መዝገብ መቀየር አያስፈልግም። የጎደላችሁ ስብከት ከሆነ ሌላ ደብር ጉባኤ ሲኖር ሄዶ መማር ይበቃል። ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለ ሳትለዩ አትነሡ።

ከሁሉ የከፋው የንስሐ አባትን ሳይሰናበቱ መሄድ ነው። ለቀድሞው አባት አንዲት ቃል ሳይናገሩ አዲስ ካህን ፊት ቀርበው «አባ፣ ልጅዎ ያድርጉኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እባካችሁ ይህን ተዉት! የተሰጣችሁ ቀኖና፣ ጾሙም ስግደቱም፣ ሳይፈጸም ይንጠለጠላል። አዲሱ ካህን ከዚህ በፊት ምን እንደተመከራችሁ ስለማያውቅ የቁርባን ነገር ስትጠይቁት በጭፍን ይመልሳል። አስተዋይ ካህን ደግሞ የሌላውን ካህን ልጅ ያለ ስንብት አይቀበልም፤ መልሶ ይልካችኋል። አካሄዱ ከባድ አይደለም። ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ፣ ምክንያታችሁን ሳታሽሞነሙኑ ንገሩ፣ የቀረ ቀኖና ካለ ጨርሱ ወይም ከአዲሱ አባት ጋር እንድትጨርሱት አስፈቅዱ፤ ከዚያ «ይፍቱን፣ ይመርቁን» በሉ። ቅር ተሰኝታችሁበት ከሆነና ፊት ለፊት መናገር ከከበዳችሁ ሌላ ካህን ወይም የሰፈር ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። ሚስት በቀድሞው አባት ቀርታ ባል ወደ አዲሱ ሲሄድም ችግር ይመጣል፤ አብሮ ለመቁረብ ሲታሰብ አንዱ አባት ሲፈቅድ ሌላው «ቆዩ» ይላል፣ ቤቱም በዚያው ይከፈላል።

በንግሥ ቀን አይቶ መወሰንም ያሳስታል። የዚያን ቀን ሁሉም ደብር ያምራል። ቢያንስ አራት ተራ እሑድ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ አንድ ረቡዕ ሂዱ፤ በጾሙ የሥራ ቀን ቅዳሴው ከሰዓት ስለሆነ ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው ይደርሱ እንደሆነ ታያላችሁ። እሑድ ሌሊት ሕፃን አዝላችሁ መንገዱን ሞክሩት። ከቅዳሴ በኋላ ወንጌል ይሰበካል? ካህናቱ ሰው ለማነጋገር ይቆያሉ? ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሕፃናትን ለብቻ ያስተምራል? የጎንደር አቋቋም፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚቀርበው ዜማ፣ ልብ ይሰርቃል፣ ይገባልም። ነገር ግን የአምስት ዓመት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት አይቆምምና በዜማው ብቻ አትምረጡ። ልጃችሁ አቋቋም መማር ከፈለገ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እንደ ባታ ያለ የአቋቋም ጉባኤ ቤት አጠገብ መሆን ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ከሰበካ ጉባኤው ጋር በገንዘብ ወይም በሕንፃ ጉዳይ ተጣልቶ መውጣት ችኮላ ነው። ሰበካ ጉባኤ በምርጫ ይቀየራል፣ ቅሬታም ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት ይቀርባል። ልጅን የሚጎዳ ነገር ካያችሁ ግን አንድ ቀን አትቆዩ፤ ለሚመለከተው አመልክታችሁ ልጁን አውጡ።

ወጣቶቹን ሳትጠይቁ አትወስኑ። በተለይ ጥምቀት ሲቃረብ አታንሷቸው፤ ጥር 10 ከመዝሙር ክፍሉ ጋር ታቦቱን አጅባ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ለመውረድ ስትለማመድ የከረመች ልጅ በዋዜማው አዲስ ደብር ብትወሰድ ከሁለቱም ትቀራለች። ጥር ይለፍ።

መዝገቡን ለመቀየር ከወሰናችሁ የአባልነት ውዝፉን ክፈሉ፣ መሸኛ ደብዳቤ ውሰዱ፣ ለአዲሱ ሰበካ ጉባኤ አስረክባችሁ የቤተሰቡ ስም በሙሉ መጻፉን በዓይናችሁ እዩ። የልጆቹን የክርስትና ማስረጃ ከተጠመቁበት ደብር አሁኑኑ አውጡ፤ በተክሊል ሲያገቡ ይጠየቃሉ። የመቃብር ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። አያትና አባት ያረፉት በቀድሞው ደብር ከሆነ እዚያ የመቀበር መብታችሁ ከአባልነቱ ጋር ይቀር እንደሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ዕድራችሁ በሰፈር ከሆነ አይነካም፤ በደብሩ ስም የተቋቋመ ከሆነ ግን ዳኛውን አነጋግሩ።