የጀልባ ሞተር ማንሻ ዘይት ሲያፈስ ምንጩን እንዴት እናገኛለን?

ጠዋት ወደ ዘጌ የሚሄድ መንገደኛ ልታሳፍሩ ጣና ዳር ስትደርሱ፣ ማታ ከፍ አድርጋችሁት ያደረው ሞተር ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ዙሪያውም ቀስተ ደመና የመሰለ ዘይት ተንሳፍፎ ካገኛችሁ፣ የሞተሩን ማንሻ ጠርጥሩ። ማንሻ የምለው ቁልፍ ተጭነን ሞተሩን ከፍና ዝቅ የምናደርግበትን ሃይድሮሊክ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ፓምፕ፣ የዘይት ማጠራቀሚያና ሲሊንደር አለው። ሞተራችሁን በእጅ ስባችሁ የምታነሱት ከሆነ ይህ ክፍል የላችሁም።

እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሲሊንደሩ አንገት ላይ ዘይት አየሁና «ሲሉ አልቋል» ብዬ ፈታሁት፤ ሲል የምለው ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ዘንግ አቅፎ ዘይት እንዳያመልጥ የሚከለክለውን ጎማ ነው። አዲስ ሲል ከመርካቶ አስመጣሁ፤ ጀልባዋ ያለ ሥራ ሰነበተች። ከገጠምኩ በሦስተኛው ቀን ዘይቱ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ መጣ። ያፈስ የነበረው ከላይ ያለው የማጠራቀሚያው ክዳን ነበር። ከክዳኑ የወጣው ዘይት ቁልቁል ወርዶ ሲሊንደሩ አንገት ላይ ይጠራቀም ነበር። ለዚህ ነው ከታች የዘረዘርኩት አብዛኛው ነገር ስለ ጥገና ሳይሆን ስለ ፍለጋ የሆነው።

1. ሞተሩን እስከ መጨረሻው አንሱና መደገፊያውን ቆልፉ

በመደገፊያው ብቻ አትተማመኑ፤ ጠንካራ ጣውላ አስገቡበት ወይም በወፍራም ገመድ እሰሩት። 60 ፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ምት ሞተር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ዘይት ያጣ ማንሻ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይለቃል። እጃችሁ ከሥሩ ባለበት ሰዓት ማንም ቁልፉን እንዳይነካ ባትሪውን ፍቱ።

2. ዘይቱ የማን እንደሆነ ለዩ

በነጭ ጨርቅ ጥረጉና አሽትቱት። ቀይና ቀጭን ከሆነ በአብዛኛው የማንሻው ነው፤ ብዙዎቹ ሞተሮች የሚጠቀሙት የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነውና። ወፍራም ሆኖ የድኝ ሽታ ካለው ከታች ከፕሮፔለሩ ጊር ሳጥን የመጣ ነው። ቤንዚን ቤንዚን የሚል ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ የሁለት ምት ሞተር ዘይት ነው። ቀይ መሆን ሲገባው ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ያን ጊዜ መሙላት ብቻ አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት።

3. እጠቡ፣ አድርቁ፣ ዱቄት ነስንሱ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔም ዘልዬው ነው የከሰርኩት። በቆሸሸ ማንሻ ላይ ቀዳዳ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። በተለይ ክረምት ላይ፣ ግልገል ዓባይ ደለሉን ይዞ ሲገባ፣ ጭቃውና ዘይቱ ተጋግረው ሁሉም ቦታ የሚያፈስ ያስመስሉታል። በኦሞና በብሩሽ ፈትጋችሁ እጠቡት። የታጠበበትን ውሃ በባልዲ ተቀበሉት እንጂ ወደ ሐይቁ አትልቀቁት። ከዚህ ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ፣ ከዚህ ዓሣ የሚያጠምድም አለ። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ ለጎማው ክፍሎች አይበጅም፣ አጠገቡ ካለ ባትሪ ጋርም ለእሳት ይዳርጋል።

ከታጠበ በኋላ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ የሕፃን ፓውደር በስሱ ነስንሱበት፤ በየመጋጠሚያው፣ በክዳኑ ዙሪያ፣ በቱቦዎቹ ጫፍ፣ በሲሊንደሩ አንገት። ባትሪውን መልሳችሁ፣ ድጋፉን አንስታችሁ፣ ማንም ሰው ከሥር ሳይኖር ሞተሩን አራት አምስት ጊዜ እስከ ጫፍ ከፍና ዝቅ አድርጉ። አሁንም ከፍ አድርጋችሁ ደግፉና በእጅ ባትሪ እያበራችሁ ተመልከቱ። ዘይት የነካው ፓውደር ይጠቁራል። መፈለግ ያለባችሁ ትልቁን እርጥብ ቦታ አይደለም፤ ከሁሉም ከፍ ያለውን እርጥብ ነጥብ ነው። ከእሱ በታች ያለው ሁሉ የወረደ ዘይት ሊሆን ይችላል።

አንዳንዴ ወዲያው አይታይም። ያኔ ካርቶን ከሥር አንጥፋችሁ አሳድሩትና ጠዋት እዩ። ግፊት ያለበትን ቱቦ ግን በጣት እየዳበሳችሁ ቀዳዳ አትፈልጉ። በግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ከገባ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በአስቸኳይ ሐኪም ቤት የሚያስሄድ ነው።

4. የተገኘውን ቦታ አንብቡ

የማጠራቀሚያው ክዳን ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ የሚቀየረው አንድ ኦሪንግ፣ ማለትም ክብ የጎማ ቀለበት፣ ብቻ ነው። ነገር ግን ክዳኑን ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሳለ አትፍቱት፣ ዘይቱ በግፊት ይረጫል።

ከኤሌክትሪኩ ሞተር ሥር ከሆነ አትዘግዩ። ዘይቱ ወደ ውስጥ አልፎ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን ጋ ከደረሰ ይህን ትንሽ ሞተር ያበላሸዋል።

ከሲሊንደሩ ዘንግ ጋር ከወጣ ሲሉን ከማዘዛችሁ በፊት ዘንጉን ጥረጉና ጥፍራችሁን ከላይ እስከ ታች አሂዱበት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ወይም ጭረት ካለ አዲሱንም ሲል በጥቂት ሳምንት ይበላዋል። የሲሊንደሩን ክዳን ለመፍታት ልኩ የሆነ ባለ ሁለት ጥርስ መፍቻ ያስፈልጋል። በመሮና በመዶሻ የተመታ ክዳን ብዙ አይቻለሁ፤ መፍቻው የሚይዝበት ቦታ ከተበላ በኋላ ባለሙያም ይቸገርበታል። መፍቻው ከሌላችሁ ለሚኖረው ስጡት።

ውጭው ደረቅ ሆኖ ሞተሩ ግን ቀስ በቀስ ከወረደ ዘይቱ የሚያልፈው በውስጥ ነው። በመጀመሪያ በእጅ ማውረጃውን ቫልቭ እዩ። በብዙ ሞተሮች ላይ በማንጠልጠያው ጎን ባለች ቀዳዳ በኩል በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይደረስበታል። ሰው ለማውረድ ከፍቶት በደንብ ሳይዘጋው ይቀራል።

5. ግጠሙና ሙሉ

ኦሪንጉን አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ በልኩ ግዙ፤ ዘይት የሚችል ጎማ መሆኑን ጠይቁ። በዘይት አርሳችሁ ግጠሙት። በኦሪንግ ምትክ ሲሊኮን መቀባትን እቃወማለሁ። ተርፎ ወደ ውስጥ የገባው ቁራጭ የቫልቩን ጠባብ መንገድ ይዘጋል፣ ቫልቩንም ሙሉ በሙሉ አስፈትቶ ያስጠርጋል። የፍሬን ዘይትም ምትክ አይሆንም፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

ሞተሩ ከፍ እንዳለ ዘይቱን እስከ ቀዳዳው የታች ጠርዝ ሙሉ። የትኛው ዘይት እንደሆነ ከሞተሩ መመሪያ እዩ። ክዳኑን ዝጉ፣ ከፍና ዝቅ አድርጉ፣ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉት፣ እንደገና ከፍ አድርጋችሁ ሙሉ። አየሩ እስኪወጣና ዘይቱ መጉደል እስኪያቆም ይህን ደጋግሙ። ፓምፑ እየጮኸ፣ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ከተነሳ አየር አልወጣም ማለት ነው።

ማታ ሞተሩን ከፍ አድርጋችሁ፣ ልክ ከሲሊንደሩ አንገት በላይ ዘንጉ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሩ። መደገፊያውን ሳትቆልፉ፣ ሰው በማይደርስበት ቦታ፣ አዲስ ካርቶን ከሥሩ አንጥፋችሁ ተዉት። ጠዋት መስመሩ በቦታው ካለ፣ ካርቶኑም ደረቅ ከሆነ መንገደኛ አሳፍሩ።