ዊንዶውስ 98 ላይ አሮጌ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ እንዴት እንደሠራልኝ

ቱሉ ዲምቱ ያለው የእድራችን ኮምፒውተር ዊንዶውስ 98 ሰከንድ ኤዲሽን ነው። የአባላቱ መዝገብ በሙሉ በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) ተጽፎ እሱ ላይ ይገኛል። እንዳይጠፋ ብዬ ባለ 20 ጊጋባይት ኤክስተርናል ዲስክ ሰካሁ። መብራቱ ይበራል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ድርግም ይላል።

ፖርት ቀየርኩ፤ ያው ነው። ስታቢላይዘርም ለውጥ አላመጣም።

ቀጭ ቀጩን ያስቆመው ሁለት ራስ ያለው የዩኤስቢ ኬብል ነው። አንድ ፖርት የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ነው፤ ዲስኩ መዞር ሲጀምር ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ድራይቨር (ዲስኩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ጠየቀ። 98 ለዩኤስቢ ዲስክ የራሱ ድራይቨር የለውም። ይህን ድራይቨር የሚጨምረውን ኤንዩኤስቢ (NUSB) 3.6ን በሲዲ ወሰድኩለት። ዝም ብላችሁ ግን አትጫኑት! መጀመሪያ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ግቡና ዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ያለውን የዩኤስቢ ድራይቨር ሁሉ አጥፉ። ከዚያ ጫኑና ሪስታርት አድርጉ። ቁልፉ ይሄ ነው።

ድራይቨሩ ገባ፣ ዲስኩ ግን አልታይ አለ። ፎርማቱ (ፋይል የሚቀመጥበት አሠራር) ኤንቲኤፍኤስ ነበር፤ 98 ደግሞ አያነበውም። ባዶ ስለነበር ላፕቶፕ ላይ 98 ወደሚያነበው ወደ ፋት32 ቀየርኩት። መልሼ ስሰካው ማይ ኮምፒውተር ውስጥ ብቅ አለ።

የኮምፒውተሩ ፖርት አሮጌው ዩኤስቢ 1.1 ስለሆነ ኮፒው ይንቀረፈፋል፤ ታገሱት። የፓወር ግዕዝ ፎንቱንም አብራችሁ ውሰዱ፤ ያለሱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ነው የሚከፈተው።