ውርጭ የማይጥለው አበባ፦ ለደብረ ብርሃን ግቢ

«ደብረ ብርሃን ላይ አበባ አይበረክትም፣ ብርዱ ይፈጀዋል» ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጥቅምት ሲገባ ውርጩ እንደማይምር አውቃለሁ። ግን አበባውን አስቀድሞ የሚያደክመው የነሐሴ ውሃ ነው። መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ ውሃ ከያዘ አይለቅም። ስሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። ውርጩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስሙ የሚነሳው ግን እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመደቡ ጀምሩ። ክረምቱ ሳይገባ አፈሩን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቆልሉ። ዳሩን በድንጋይ ካቡት፤ ድንጋይ እንደሆነ እኛ ጋ ሞልቷል። በግርጌው ውሃ የሚወርድበት ቦይ ቅደዱ። የከብት እበት አብዛኛው ኩበት ሆኖ ምድጃ ስለሚገባ፣ እኔ የምጠቀመው የበግ በጠጥ ነው። በግ ያለው ጎረቤት ጋጣውን ሲጠርግ ጠብቁት። ትኩሱን ግን አትጨምሩ፤ ከደረቅ ቅጠል ጋር ተከምሮ ጥቂት ወራት ይብላላ።

ቦታ ስትመርጡ የግቢውን ዝቅተኛ ጥግ ተዉት። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል። ከድንጋይ ግድግዳ በስተደቡብ ያለው ቦታ ግን ሸጋ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ድንጋዩም ቀን የሞቀውን ማታ ይመልሳል። ባሕር ዛፍ አጠገብ አትድከሙ፤ ውሃውን ይቀማችኋል።

ከሁሉም የምወደው አበልቢላ ነው፤ ረጅም አገዳ ላይ ቢጫና ብርቱካናማ አበባ የሚደረድረው። የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ተክል ስለሆነ ብርዱንም መረሬውንም ለምዶታል። ከጓሳ፣ ከመንዙ ጥብቅ ስፍራ፣ ነቅላችሁ እንዳታመጡ አደራ፤ ከተከለ ሰው ላይ ከፍላችሁ ውሰዱ። ከኋላ እሱንና ሰማያዊውን አጋፓንተስ፣ መሃል ላይ ነጭ ዴዚ፣ ከፊት ካርኔሽን አድርጉ። ካርኔሽን እግሩ ከረጠበ አይኖርም፤ ከመደቡ ደረቁን ቦታ ስጡት። ነጩ ካላ ሊሊ ደግሞ ውሃ ወዳድ ነው፤ ቦዩ ዳር ይሁን።

የምትተክሉት ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ውርጩ እስኪደርስ ስሩ ይጠነክራል። በመሃላቸው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ዴዚ በየሁለት ሦስት ዓመቱ መሃሉ እየሞተ ይሄዳል፤ ያኔ ነቅላችሁ ዳር ዳሩን ቡቃያ ከነስሩ ገንጥላችሁ እንደገና ትከሉ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ስጡ።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ካለ፣ ያን ሌሊት ውርጭ አለ። ቀን ላይ አፈሩን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ማታ ለጋዎቹን በጆንያ ወይም በገለባ ሸፍኑ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ግለጡ። ውርጭ ያጠቆረውን ቅጠል ለመቁረጥ አትቸኩሉ! አስቀያሚ ነው፣ ግን ከስር ያለውን ቡቃያ ሸፍኖ ያድናል። ጥር አልፎ ውርጩ ሲያበቃ አጽዱት።

አበባ የሚቆረጠው በማለዳ ነው፣ ባልዲ ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ። ካርኔሽን ግማሽ ሲፈነዳ ከአንጓው በላይ፣ ዴዚ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት፣ አጋፓንተስ ጥቂቶቹ ሲፈኩ። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ አራግፉ፤ ውሃውን የሚያገማው እሱ ነው። ረከቦት አጠገብ የፕላስቲክ አበባ ሳይ ይከፋኛል፤ ውሃው በየሁለት ቀኑ ከተቀየረና ጫፉ ትንሽ ከተቆረጠ ካርኔሽን ከሳምንት በላይ ይቆያል።