የወፍ ቆሎን ግቢ ውስጥ ስናሳድግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ላይ የወፍ ቆሎ (ላንታና የሚባለው ቁጥቋጦ) የሌለበት ሰፈር አይገኝም። በአጥር ላይ፣ በበር ጥግ፣ በመንገድ ዳር ይታያል። አበባው ቢጫ ሆኖ ይፈነዳል፣ ከዚያ ወደ ብርቱካን ወይ ወደ ሮዝ ይቀየራል። ለዚህ ነው በአንዷ እቅፍ ላይ ሁለት ሦስት ቀለም የምናየው። ቢራቢሮ አይለየውም። እኔም በራፌ ላይ ሁለት እግር አለኝ፣ በጣም እወዳቸዋለሁ።

ግን ይህ አበባ አያያዝ ይፈልጋል። የመጣው ከአሜሪካ ሞቃታማ አገሮች ሲሆን ከዓለማችን 100 ክፉ ወራሪ ዝርያዎች አንዱ ተብሎ ተመዝግቧል። በአገራችንም በምሥራቁ በኩል ስንትና ስንት የግጦሽ መሬት ወርሷል። እኛም ዘንድ እንደዚያ እንዳይሆን ስለምፈልግ፣ በየግቢው የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ፍሬውን እስኪጠቁር መተው

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የወፍ ቆሎ። አበባው ሲረግፍ አረንጓዴ ፍሬ ይይዛል፣ ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። ወፍ ይለቅመውና ሄዶ በሌላ ቦታ ከኩሱ ጋር ይጥለዋል። አንድ ተክል በዓመት እስከ 12,000 ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ቦርከና ወንዝ ዳር ወይ ተራራው ላይ ቢወድቅ አስቡት።

መፍትሔው ቀላል ነው። አበባው ጠውልጎ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እቅፏን በመቀስ ቁረጧት። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ቡና እስኪፈላ አደርገዋለሁ። ጥቅሙ ለአበባውም ነው፤ ፍሬ ሲወሰድበት መልሶ ያብባል። በልግም ሆነ ክረምት ዝናብ ሲጥል ደግሞ ወፍ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች እዩ። ከዛፍ ሥር፣ ከመብራት ገመድ ሥር፣ ከአጥር ሥር። ቅጠሉ ሻካራ ነው፣ ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፣ ሲያሹት ኃይለኛ ሽታ አለው። ችግኙ ትንሽ ሳለ በሁለት ጣት ይነቀላል።

ከብት ባለበት ግቢ አጥር ማድረግ

«ፍየል እንኳ አይነካውም» ተብሎ ነው ለአጥር የሚተከለው። እውነት ነው፣ የለመደ ከብት ይሸሸዋል። ችግሩ ያልለመደው ነው። ጎረቤቴ ከኩታበር በኩል አንዲት ጊደር ገዝተው አመጡ። ደጋ ያደገች ናት፣ ተክሉን አታውቀውም። ገመዷ አጥሩ ጋ ይደርስ ነበር። በሁለተኛው ቀን መብላት አቆመች፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ከዚያ አፍንጫዋ ላይ ፀሐይ የሚመታው ቆዳ ቀልቶ መሰነጣጠቅ ጀመረ።

ቅጠሉ ጉበት ይጎዳል። ጉበት ሲታመም ቆዳው ፀሐይ አይችልም። እንዲህ ዓይነት ምልክት ካያችሁ ከብቱን ቶሎ ጥላ ውስጥ አስገቡና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የእኚህ ሰውዬ ጊደር ተርፋለች፣ ግን ከስታ ነበር የተረፈችው። በተለይ በበጋ ሣር ሲጠፋ የራበው ከብት አይመርጥም። ከብት ካላችሁ ለአጥር ሌላ ነገር ትከሉ።

ከላይ ቆርጦ «ጠፋ» ማለት

የወፍ ቆሎ ከግንዱ ሲቆረጥ አይሞትም። ይባስ ብሎ ብዙ ሆኖ ያቆጠቁጣል። እሳትም አይጨርሰውም፣ ከሥሩ ይመለሳል። ማጥፋት ከፈለጋችሁ በዶማ ቆፍራችሁ ጉቶውን ከነዋና ሥሩ ማውጣት ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም፣ መሬቱ ሳይደርቅ ይቀላል። እጃችሁን በጓንት ሸፍኑ፣ እሾህ አለው፣ ቅጠሉም ቆዳ ያሳክካል። ከዚያ ወር በወር ተመልሳችሁ እዩት።

የተከረከመውን ቦረቦር ውስጥ መጣል

ይህ ሲደረግ ሳይ ያመኛል። ግንዱ ርጥብ መሬት ከነካ ሥር ያወጣል። ቦረቦር ውስጥ ሲጣል ጎርፍ ወስዶ ታች ይተክለዋል። ቁርጥራጩን ቆርቆሮ ወይ ሲሚንቶ ላይ አስጥታችሁ ክው ብሎ ሲደርቅ ለማገዶ አድርጉት። ከብት በማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ የደረቀውም መርዙን አይተውም።

ፍግና ውኃ ማብዛት

ፍግ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ጥላም አይወድም። ደሃ መሬትና ሙሉ ፀሐይ ይበቃዋል። ሥር እስኪይዝ ብቻ አጠጡት።

ደሴ ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲመታው «ሞተብን» ብለው ይደውላሉ። አልሞተም። የደረቀውን ጫፍ ቆርጣችሁ በልግን ጠብቁ፣ ከሥር ይወጣል። እዚያ ሲተከል ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ቢሆን ይሻለዋል።

ለልጆች አለመንገር

አረንጓዴው ፍሬ መርዝ ነው። ጥቁሩን የሚለቅሙ ልጆች አሉ፣ ትንሽ ልጅ ግን ያልበሰለውን ከበሰለው አይለይም። «ይህ የወፍ ነው፣ የእኛ አይደለም» በሏቸው። የበላ ልጅ ካለ ጊዜ ሳታባክኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ያገኙትን ዓይነት መትከል

ፍሬ የማይዙ ዝርያዎች አሉ። አዲስ የምትተክሉ ከሆነ እነሱን ፈልጉ። ሻጩ «ይሄ ፍሬ የለውም» ቢላችሁ በቃሉ ብቻ አትመኑ፣ ቁራጩ የመጣበትን ትልቁን ተክል አሳየኝ በሉት። ቅርንጫፉን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። አንዲት ጥቁር ፍሬ ካገኛችሁ ተዉት።