የክታብ ሥዕል እንዴት ይነበባል?

በጎንደርና በዙሪያዋ ከአያት የወረደ ክታብ፣ ማለትም ለጥበቃ በብራና ላይ የተጻፈ ጥቅል ጸሎት፣ እጃችሁ ከገባ፣ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው ጠልሰሙ (የመከላከያ ሥዕሉ) ላይ ነው። ትርጉሙን ግን ከጽሑፉ ጀምራችሁ ፈልጉ፤ ሥዕሉም ጸሎቱም የተዘጋጁት ለአንድ ሰውና ለአንድ ችግር ነውና።

መጀመሪያ አከፋፈቱ። ተጠቅልሎ የኖረ ብራና ይደርቃል፤ በግድ ሲዘረጋ ቀለሙ ይቀረፋል፣ ስፌቱም ይበጠሳል። እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ በአንድ ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ግለጡ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ አንሱና መልሳችሁ ጠቅልሉ። ውኃ ፈጽሞ አታስነኩት። ርዝመቱንም ለኩ፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ በባለቤቱ ቁመት ልክ ማዘጋጀት የተለመደ ነበር።

ቀጥሎ ቀዩን ቀለም ተከተሉ። «ጸሎት በእንተ» (ስለ … የሚጸለይ ጸሎት) ከሚለው በኋላ ሕመሙ ወይም መንፈሱ ይጠራል፦ ሾተላይ፣ ዓይነ ጥላ፣ ባርያ፣ ሌጌዎን። «ገብርከ» ካለ የተጻፈው ለወንድ፣ «አመትከ» ካለ ለሴት ነው፤ የክርስትና ስም ይከተላል። ስሙ ተፍቆ ሌላ ከተተካ ክታቡ ባለቤት ቀይሯል፤ ሥዕሉ የተመረጠው ለፊተኛው ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ሰይፍ የመዘዘ ባለ ክንፍ መልአክ ነው፤ ግን ሚካኤል ነው ለማለት አትቸኩሉ፣ አጋንንትን በማባረር ፋኑኤልም ይጠራልና። በመሐሉ ፊት ያለበት ባለ 8 ጫፍ ኮከብ ብዙ ጊዜ ከሰሎሞን ማኅተም ጋር ይያያዛል፤ «መረብበ ሰሎሞን» የሚባለው ጸሎት አጠገቡ ካለ ንባቡ ይጠነክራል። የተደጋገሙት ዓይኖች ጌጥ አይደሉም፤ መንፈሱን አፍጥጠው እንዲያባርሩ የተሣሉ ናቸው።

ስሕተት የሚበዛው ፈረሰኛው ላይ ነው። ጦሩ ዘንዶ ከወጋ አብዛኛውን ጊዜ ጊዮርጊስ ነው። በጦሩ የተወጋችው ሴት ከሆነች ግን ፈረሰኛው ቅዱስ ሱስንዮስ፣ እሷም ሕፃን ልጁን የገደለችበት ውርዝልያ ናት፤ ሕፃናት ለሚሞቱባት እናት የሚጻፈውም ይኸው ነው። የዐፄ ፋሲል አባት ከሆነው ከንጉሡ ሱስንዮስ ጋር አታምታቱት።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ በጎን ገጽታ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህን ልማድ ጠልሰም ላይ እንዳለ አትጫኑት፤ ፊት ለፊት የሚያየው መልአክም ጋኔንም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ከጎኑ ያለው ጸሎት ነው። ጽሑፉ ከጠፋ «ማንነቱ ያልተለየ ፊት» ብላችሁ መዝግቡት።